ሃያ ሺው ብር ሲዘረዘር

የሥራና የደመወዝ ጉዳይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። በአካውንቲንግ በዲግሪ ተመርቄ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ዕድሜዬ 31 ነው። ከመስከረሙ ጭማሪ በኋላ ደመወዜ 13,000 ብር ገብቷል፤ የዓመት ዕረፍቴም 26 ቀን ደርሷል። ሰሞኑን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ የግል ፋብሪካ «ሃያ ሺህ ብር እንከፍልሻለን፣ ነይ» አለኝ። ሲዘረዝሩልኝ መሠረታዊ ደመወዝ 9,000፣ የቤት አበል 5,000፣ የመጓጓዣ አበል 3,000፣ «ልዩ ልዩ» የሚሉት 3,000 ነው። ምሳና ሰርቪስ አለ። ሥራው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው። ባለቤቴ «ምኑ ያስጨንቅሻል፣ ሰባት ሺህ ብር ልዩነት እኮ ነው!» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «የመንግሥት እንጀራ ቢያንስም አይቋረጥም፤ ጡረታሽን ጥለሽ የት ልትሄጂ ነው?» ብላ እንቅልፍ ነሥታኛለች። ሁለተኛ ልጅም እያሰብን ነው። እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይምከሩኝ።

በሁለት ሐሳብ የተወጠረችው፣ ከጠባሴ

መልስ፦ ልጄ፣ ባለቤትሽ ያለው ሰባት ሺህ ብር እጅሽ አይገባም። መጀመሪያ እሱን እናጥራ።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በኋላ ከ15 በመቶ ይነሣና ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ እስኪደርስ በየእርከኑ ይወጣል። አሁን በምታገኚው 13,000 ብር ላይ ግብሩ 2,550 ነው፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮሽ 910፤ እጅሽ የሚገባው 9,540 ብር። የፋብሪካው 20,000 ላይ ግብሩ 4,950 ይሆናል፤ ጡረታው የሚቆረጠው ከ9,000ው ብቻ ስለሆነ 630፤ የሚተርፍሽ 14,420 ብር። ልዩነቱ 4,880 ነው። ከመጓጓዣ አበሉ ላይ ከግብር ነፃ የሚደረግልሽ ካለ ጥቂት ከፍ ይላል፤ እኔ ግን ሁሌም የክፉውን ቀን ሒሳብ ነው የምሠራው።

4,880 ብርም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። የደብረ ብርሃን የቤት ኪራይ ፋብሪካዎቹ ከመጡ ወዲህ የት እንደወጣ ለአንቺ አልነግርሽም። ግን ያን ብር በስንት ሰዓት ሥራ እንደምታገኚው ደግሞ እይ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳምንት 39 ሰዓት ነው። ለግሉ ዘርፍ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው ጣሪያ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ካሉሽ ጣሪያውን ሊነኩልሽ ነው። በወር ሲታሰብ አንዱ ወደ 169፣ ሌላው ወደ 208 ሰዓት ይመጣል። የተጣራውን ክፍያ በየሰዓቱ አካፍዪው። ወረዳው በሰዓት 56 ብር ገደማ፣ ፋብሪካው 69 ብር ገደማ ይከፍልሻል። በወር ሲታይ ከግማሽ በላይ ብልጫ የነበረው በሰዓት ሲታይ ሩብ እንኳ አይሞላም። ቀሪው ጭማሪ የቅዳሜሽ ዋጋ ነው ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥተሽ የሳምንቱን አስቤዛ የምትይዢበት፣ ልጅሽን አጥበሽ የምትውዪበት ቀን ከሆነ ያን ቀን ለሌላ ሰው ከፍለሽ ታሠሪዋለሽ፤ የሠራተኛ ደመወዝም ከዚያው 4,880 ላይ ይነሣል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ገና ጎህ ሲቀድ ሰርቪስ ለመጠበቅ መንገድ ዳር መቆምን ዋጋ አላወጣሁለትም።

እስካሁን ያልኩሽን ማንም የሒሳብ ሰው ይነግርሻል፤ አንቺም ራስሽ ታውቂዋለሽ። አሁን ወደ ልቤ ነገር ልግባ። የሥራ ዘመኔን ግማሹን በመንግሥት ቤት፣ ግማሹን በግል ፋብሪካ ፐርሶኔል (የሠራተኛ አስተዳደር) ክፍል ነው የጨረስኩት። ለቅጥር የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ትከፍላላችሁ?» ብሎ ነው። «ከዚህ ውስጥ ደመወዙ ስንቱ ነው?» የሚል ከመቶ አንድ አላጋጠመኝም። ሕጉ ግን ደመወዝ የሚለው ኪስሽ የገባውን ሁሉ አይደለም። የአዋጁ አንቀጽ 53 የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የውሎ አበልን፣ የመጓጓዣና የአስቸጋሪ ሁኔታ አበልን፣ ቦነስን፣ ኮሚሽንን ከደመወዝ አይቆጥርም። ስትታመሚ፣ ስትወልጂ፣ ትርፍ ሰዓት ስትሠሪ፣ ስትሰናበቺ፣ ጡረታ ስትወጪ የሚታሰብልሽ ግን በደመወዙ ነው። የአንቺ ደመወዝ ደግሞ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 9,000 ብር ነው። ከ13,000 ወደ 9,000 ልትወርጂ ነው ማለት ነው፤ ባለቤትሽ ወጣሽ የሚለው ይህን ነው።

ሰርቪስ ያለው ፋብሪካ ለምን የመጓጓዣ አበል ይሰጣል ብለሽ አልጠየቅሽም? ለዚህ ዓይነቱ አበል ስም የሚያወጣለት ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ፐርሶኔል ነው። አሠሪ ለጡረታ 11 በመቶ የሚያዋጣው ከመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ስለሆነ ደመወዙን ዝቅ፣ አበሉን ከፍ ማድረግ ለድርጅቱ ይረክስለታል። ነውረኛ ሥራ ነው አልልም፤ ሁሉም ያደርገዋል። አንቺ ግን አውቀሽ ግቢ።

የእናትሽን ጭንቀት በዚሁ ላንሣው። እናትሽ የምታውቀው የድሮውን ነው። እስከ 2003 ድረስ የግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተደነገገ የጡረታ ዐቅድ አልነበረውም፤ ዕድለኛው ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ሲለቅ የሚሰጠው የቁጠባ ገንዘብ ማለት ነው፣ ይጠራቀምለታል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይወጣል። በዚያ ዘመን «የመንግሥት እንጀራ» ማለታቸው እውነት ነበራቸው። በ2003 የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ወጣ፤ አሁን የሚሠራበት በ2014 የተሻሻለው ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኛ ቁጥር 1267፣ ለግሉ ቁጥር 1268። መዋጮው በሁለቱም ወገን አንድ ነው፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ። ሰባት ዓመትሽም አይጠፋም፤ በመንግሥት የሠራሽው በግሉ ከምትሠሪው ጋር ተደምሮ ይቆጠራል። ስለዚህ «ጡረታሽን ጥለሽ» የሚለው አይሠራም፤ ይዘሽው ነው የምትሄጂው። የሚያሳስበው በስንት ብር ላይ እንደምታስቀጥዪው ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ከ70 በመቶ አያልፍም። አንቺ እስከ 60 ብትሠሪ አገልግሎትሽ 36 ዓመት ይሆናል፤ 62.5 በመቶ። በዛሬው ብር ብናስበው በ13,000 ላይ 8,125 ብር፣ በ9,000 ላይ 5,625 ብር። እስከዚያ ድረስ ደመወዙም ብሩም ስንቴ እንደሚለዋወጥ አይታወቅም፤ ከታች የጀመረ ግን እየጨመረም ቢሆን ከታች ነው የሚሄደው።

ምን ታደርጊ? አትፈርሚ፣ እምቢም አትበዪ። ተመልሰሽ ሂጂና «ሃያ ሺው ሃያ ሺህ ይሁን፤ ግን 15,000ው መሠረታዊ ደመወዝ፣ 5,000ው አበል ሆኖ ይጻፍልኝ» በዪ። ያንቺ ግብር አይለወጥም። የጡረታ መዋጮሽ ከ630 ወደ 1,050 ስለሚያድግ እጅሽ የሚገባው ከ14,420 ወደ 14,000 ይወርዳል፤ 420 ብር ነው የምታጪው። ፋብሪካው በወር የሚጨምርበት 660 ብር ነው። በዚህች 660 ብር እገግማለሁ የሚል አሠሪ ነገ በዓመት ጭማሪና በትርፍ ሰዓት ላይ ምን እንደሚልሽ ከወዲሁ ይታወቃል። እሺ ካለሽ ደግሞ የጡረታሽ መነሻ በዛሬው ስሌት 9,375 ብር ይሆናል፣ ከወረዳውም ይበልጣል።

ስንብቱም እንደዚያው ነው። አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በራሱ ፈቃድ የሚለቅ የግል ድርጅት ሠራተኛ፣ በሥልጠና ምክንያት የውል ግዴታ ከሌለበት፣ የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ። በ9,000 አምስት ዓመት ብትሠሪ 21,000 ብር ነው፤ በ15,000 ከሆነ 35,000። ያው ወንበር፣ ያው ሥራ።

ስለ ልጁ። የወሊድ ፈቃድ በሁለቱም ወገን 120 ቀን ነው፤ 30 ከመውለድሽ በፊት፣ 90 ከወለድሽ በኋላ፣ ከደመወዝ ጋር። በዚህ አትጨነቂ፤ ከየትኛው ደመወዝ ጋር የሚለውን ግን አሁን ገብቶሻል። የሕመም ፈቃድ ላይ መንግሥት ቤት ይሻላል። በግሉ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው፤ በመንግሥት ቤት ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ጊዜ ከዚህ ይረዝማል። የዓመት ዕረፍትሽ ወደ 16 የሥራ ቀን ይመለሳል፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። 26 ቀን ለለመደ ሰው ይህ ይከብዳል፤ በተለይ በዓል ለማክበር ወላጆቹ ዘንድ መሄድ ለሚወድ።

አንድ ነገር ደግሞ ከውሉ ላይ ፈልጊ። «የሒሳብ ክፍል ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውሽ «የሥራ መሪ ነሽ» እንዳይሉሽ። የሥራ መሪ በአዋጅ 1156 አይሸፈንም፤ የትርፍ ሰዓቱም፣ የስንብቱም ጥበቃ አብሮ ይቀራል። ማዕረግ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም፤ የመቅጠርና የማሰናበት፣ ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም የመሳሰሉ ሥልጣኖች ሲኖሩ ነው። ግን ክርክሩ ሰኔ 30 ሒሳብ ስትዘጉ እኩለ ሌሊት ድረስ ሠርተሽ ክፍያ ስትጠይቂ ከሚመጣ አሁን በውሉ ላይ ቢጠራ ይሻላል። የሕክምና መድን አለን ካሉሽ ጣሪያው ስንት እንደሆነና ባልሽንና ልጅሽን ይጨምር እንደሆነ ጠይቂ። እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ሊኖር እንደሚችልም አትርሺ፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ፤ አንቺ ደግሞ ያኔ ወረዳውን ለቀሻል።

ከሰዎች ጋር ስመክር ሁሌ የሚዘነጋ ጥቅም አለ። የመንግሥት ሠራተኛ መሆን በአገራችን ዋስትና ነው፤ ቃል በቃል። ወንድምሽ ባንክ ሲቀጠር፣ የአክስትሽ ልጅ ሱቅ ላይ ገንዘብ ያዥ ስትሆን «ዋስ አምጡ» ሲባሉ የሚሮጡት ወደ አንቺ ነው፤ የወረዳ ማኅተም ያለበት የደመወዝ ማስረጃ ደብዳቤ ሰው ይቀበለዋል። ይህ ለአንቺ ጥቅም ነው ወይስ መከራ የሚለውን ራስሽ ፍረጂ፤ እኔ ዋስ ሆኖ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰው አውቃለሁ። በመሥሪያ ቤታችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበር ብድር ካለብሽ መሸኛ ከመጠየቅሽ በፊት ከፍለሽ ጨርሺ፤ ክሊራንሱ እዚያ ላይ ነው የሚቆመው። የቤት ማኅበር ገብተሽ ከሆነ ደግሞ ማኅበሩ በመሥሪያ ቤቱ ስም የተደራጀ መሆን አለመሆኑን መተዳደሪያ ደንቡን ገልጠሽ እይ።

ውሎ አበልንም አልረሳሁትም። መስክ የምትወጪ፣ ሥልጠና የምትጠሪ ከሆነ ያ ገንዘብ ደመወዝ ባይሆንም በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ስንቱን ልጅ አስተምሯል። አንቺ ግን በሒሳብ ክፍል ነሽ፤ ሌላው ሞላሌና ዓለም ከተማ ሲወጣ አንቺ የእሱን አበል ታወራርጃለሽ እንጂ አትወጪም ብዬ ነው የተውኩት።

ፍርዴን ከፈለግሽ ይኸው፦ መሠረታዊ ደመወዙን ቢያንስ አሁን ካለሽ 13,000 ካደረሱልሽና «የሥራ መሪ» ካላሉሽ ሂጂ። በ9,000ው ከጸኑ ቅሪ። ሁለት ዓመት ቀደም ብለሽ ጽፈሽልኝ ቢሆን ይህን ሁሉ ሒሳብ ሳልሠራ ሂጂ እልሽ ነበር። እስከ ጥቅምት 2017 ድረስ የመንግሥት ዝቅተኛው ደመወዝ 1,100 ብር እንደነበር አስቢው። ከዚያ 4,760 ሆነ፣ ከመስከረም 2018 ደግሞ 6,000። የዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ወጣ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዋጋውም አብሮ ስለወጣ ኑሮሽ በዚያው ልክ ተሻሽሏል አልልሽም። ግን ከግሉ ጋር ያለሽ ርቀት ጠቧል፤ ፋብሪካዎቹም ይህን ያውቃሉ። ለዚህ ነው ዛሬ 15,000 ብለሽ ለመጠየቅ አፍሽ የማይያዘው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ከመሐል ሜዳ ነው የመጣሁት። ደብረ ብርሃን በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ማሽን ላይ እሠራለሁ። ደመወዜ 4,200 ብር ነው። ምሳና ሰርቪስ በነፃ ነው። ባለፈው ወር ሁለት እሑድ ሙሉ ቀን አስገቡንና ለእያንዳንዱ እሑድ 150 ብር «ማበረታቻ» ብለው ሰጡን። ወንድሜ «መንግሥት ቤት በጽዳት ብትቀጠሪ እንኳ 6,000 ነው፤ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እውነቱን ነው፤ ግን ያላነሣው አለ።

ለመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ተወስኗል፤ ለግሉ ዘርፍ እስካሁን አልተወሰነም። አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ እንዲወስን በር ከፍቷል፤ ወለሉ ግን ገና አልተነጠፈም። ስለዚህ 4,200 መክፈላቸው ሕግ መጣስ አይደለም። ከግብርና ከጡረታ በኋላ እጅሽ የሚገባው 3,566 ብር ነው፤ የ6,000ው ደግሞ 4,880። አሁን ምሳሽን አስቢ። ያን ምሳ ከውጭ፣ ሽሮም ይሁን፣ በ70 ብር ብትበዪው በ26 የሥራ ቀን 1,820 ብር ነው። የወንድምሽ ልዩነት 1,314 ብር ነው፤ ምሳው ብቻ ይበላዋል፤ ታክሲውን ገና አልቆጠርንም። በዚያ ላይ የጽዳት ማስታወቂያ ወጥቶ ስንት ሰው እንደሚመዘገብ ወንድምሽ አላየ ይሆናል። ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዝገቢ፤ ቋሚነቱና 39 ሰዓቱ ዋጋ አላቸው። ለእሱ ብለሽ ግን ዛሬ ሥራሽን አትልቀቂ።

ይልቅ የእሑዱ ነገር ነው ያናደደኝ። በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራ ሥራ በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ ሁለት እጥፍ ይከፈላል። «ማበረታቻ» የሚባል ነገር አይተካውም። 4,200ን ለ208 ሰዓት ብናካፍለው የአንቺ ሰዓት 20 ብር ከ19 ሳንቲም ነው፤ ሁለት እጥፉ 40 ብር ከ38፤ ስምንት ሰዓት ሠርተሽ ከሆነ 323 ብር። በሁለቱ እሑድ ወደ 346 ብር ቀርቶብሻል። በሥራ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ሰዓት ከሠራሽ አንድ ተኩል ነው፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 1.75፤ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍም አይፈቀድም።

የገባሽባቸውን ቀናትና ሰዓታት በደብተር ጻፊ፤ የፔሮል ወረቀትሽን አትጣዪ። ብቻሽን አትሂጂ፤ አብረውሽ እሑድ የገቡትን ይዘሽ መጀመሪያ ፐርሶኔልን በጽሑፍ ጠይቁ። ካልመለሱ በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ዘንድ ሂዱ። አትዘግዩ፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይቀራል። የሠራተኛ ማኅበር ከሌላችሁ አሥር ሆናችሁ ማቋቋም እንደምትችሉም ንገሪያቸው፤ ይህን ስትናገሪ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ እንጂ አትፍሪ።

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ27 ዓመት ያስተማርኩ የሒሳብ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ 54 ነው። አሁን ደመወዜ 17,000 ብር ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በ21,000 ብር ሊወስደኝ ይፈልጋል። ባልደረቦቼ «የ27 ዓመት ጡረታህ ይቃጠላል» ይሉኛል። ይቃጠላል?

መልስ፦ መምህር፣ አይቃጠልም። ከላይ ለጠባሴዋ ልጅ እንዳልኩት አገልግሎቱ ይደመራል። ዛሬ ላይ 27 ዓመትዎ 51.25 በመቶ አድርሶዎታል፤ እስከ 60 ቢሠሩ 58.75 በመቶ ይሆናል።

የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። 21,000ው ለስንት ወር ነው? ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የሚያስፈርሙት የአሥር ወር ውል ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለም። እንደዚያ ከሆነ በዓመት 210,000 ብር ነው፤ መንግሥት ቤት 17,000 በ12 ወር 204,000 ይከፍልዎታል። ለ6,000 ብር ብለው፣ ያውም ከግብር በፊት፣ የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ ሊገቡ ነው። በዚያ ላይ መዋጮ ያልተከፈለባቸው ክረምቶች ከአገልግሎት ካልተቆጠሩልዎ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ ዓመት ይጎድልብዎታል።

ውሉን ያስመጡና ያንብቡት። «ከመስከረም እስከ ሰኔ» የሚል ከሆነ ይተዉት። ላልተወሰነ ጊዜ ከሆነና 21,000ው ሙሉ በሙሉ መሠረታዊ ደመወዝ ከሆነ ጡረታዎ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ስለሆነ ይጠቅምዎታል። ያኔም የጡረታ መለያ ቁጥርዎንና የ27 ዓመቱን የአገልግሎት ማስረጃ በእጅዎ ሳይይዙ ከትምህርት ቤቱ አይልቀቁ። አዲሱ አሠሪ ከደመወዝዎ የቆረጠውን 7 በመቶ ከራሱ 11 በመቶ ጋር በትክክል ገቢ ማድረጉንም በየጊዜው ከግል ድርጅቶች ሠራተኞች የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ሄደው ያረጋግጡ፤ የተቆረጠ ሁሉ ገቢ ሆኗል ማለት አይደለም።